አባትሽ ምን ያህል ያምናሉ?

ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ እፈራለሁ፤ መንገድ ላይ ወታደር ሳይ እፈራለሁ፤ ዳይሬክተሩ "ቢሮ ትፈለጊያለሽ" ካለኝ ደግሞ ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ እንባዬ ይመጣል። እናቴ ከዋጫ ከተማ እየመጣች በጠየቀችኝ ቁጥር "አንቺን ደግሞ አስተማሪ ያደረገሽ ማነው?" እያለች ትስቅብኛለች። ያም ሆኖ ቦንጋ ላይ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር።

አስተምር ነበር ስል እንኳ ትንሽ ጉራ አለበት። የሚያስተምረው ፕላዝማው ነው። ክፍሉ ፊት ለፊት ላይ የብረት ፍርግርግ የተሠራለት፣ ቁልፍ ያለው ትልቅ ቴሌቪዥን አለ፤ ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይመጣል። የኔ ሥራ ቁልፉን ከፍቼ፣ አብርቼ፣ ዳር ቆሜ ዝም ማለት ነው። ሲያልቅ በቀረችኝ ጥቂት ደቂቃ ልጆቹ ያልገባቸውን ልንገራቸው እላለሁ፤ ያልገባቸው ደግሞ ሁሉም ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቅና ትንሽ ይጠብቃል። ከዚያ አንድም ልጅ አፉን ሳይከፍት፣ ፈገግ ብሎ "ቬሪ ጉድ!" ይልና ያልፋል። ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔም "ምን ያስቃችኋል? ቬሪ ጉድ ተባላችሁ አይደል?" እላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ትምህርቱ እንግሊዞች ሐሳባቸውን በምን ቃል አጅበው እንደሚናገሩ ነበር። ገና ከመጀመሩ መብራት ሄደ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው። ጠመኔ አነሳሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ያን ትምህርት እወደዋለሁና።

"ስሙ" አልኳቸው እየጮህኩ፣ "ፈረንጅ 'አምናለሁ' ብሎ ብቻ አይተውም። ምን ያህል እንደሚያምን ይነግርሃል። 'ቢሊቭ' ያለች እንደሆነ አጠገቧ 'ፈርምሊ' ትመጣለች፣ ወይ 'ስትሮንግሊ'፤ አጥብቄ አምናለሁ እንደማለት። 'ዳውት'፣ መጠራጠር፣ የምትወደው 'ሲሪየስሊ'ን ነው፤ በጣም እጠራጠራለሁ እንደማለት። 'ሪመምበር' ጥርት አድርጎ ካስታወሰ 'ክሊርሊ' ይላል፤ ትዝ ትዝ የሚለው ብቻ ከሆነ ደግሞ 'ቬግሊ'። 'ቲንክ' ደግሞ 'ኦነስትሊ'ን ይዛ ትዞራለች። 'አይ ኦነስትሊ ቲንክ'፣ የልቤን ልንገርህ፣ እኔ የማስበው እንዲህ ነው ማለት ነው።"

"ለምን 'ስትሮንግሊ ቲንክ' አይባልም ቲቸር?" አለች ከፊት የተቀመጠች ልጅ። ጎበዝ ናት፣ የአከራዬ ልጅ ናት።

"ስላልተላመዱ ነው። ሰውስ ከሁሉ ጋር ይላመዳል እንዴ?" አልኩና ሳቁ።

የሚገርመኝ የነበረው ግን ሌላ ነው። ፈረንጁ "ኦነስትሊ ቲንክ"ን ሻይ እየጠጣ፣ ስለ ፊልም ሲያወራ ሁሉ ይላታል። እኛ ጋ "የልቤን ልንገርህ" የሚል ሰው መጀመሪያ በሩን ዘግቶ፣ ግራና ቀኙን አይቶ ነው። የሚበዛው ሰው "ይመስለኛል" ብሎ ይሸሻል፣ ወይ "እኔ ምን አውቄ" ይላል። ይህን ለልጆቹ አልነገርኳቸውም። ዓረፍተ ነገር ሥሩ ስላቸው ግን ብዕር ያነሳ የለም። አንዱ "ቲቸር፣ እኛ ምንም አናምንም" አለ፤ ክፍሉ ተንጫጫ። እኔም ተናድጄ "እንግዲያው ቤታችሁ ሄዳችሁ ትልልቆቹን ጠይቁ! አጥብቀው የሚያምኑት ምንድነው? በጣም የሚጠራጠሩት? ከልባቸው የሚያስቡት? በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እየተነሳችሁ በእንግሊዝኛ ትነግሩኛላችሁ" አልኳቸው።

የቤት ሥራ ነው። በቃ። ምን ክፋት አለው?

ዘመኑን ረስቼው ነዋ! አንድ ለአምስት በየሰፈሩ የገባበት ጊዜ ነበር። አምስት ሰው ለአንድ ሰው ይደራጃል፤ አንዱ ደግሞ የአምስቱን ነገር ለበላዩ ያደርሳል ይባል ነበር። ይድረስ አይድረስ እኔ አላውቅም። ሰው ግን ጎረቤቱ ቡና ሲጠራው እንኳ "ስብሰባ ይሆን?" ይል ነበር።

የምኖረው ገበያው አጠገብ፣ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። ጋሼ የምላቸው አከራዬ በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው ቦንጋ የኖሩ ነጋዴ ናቸው። ሱቃቸው ከግቢው ጋር በር ለበር ነው፤ ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ጀሪካን፣ ባትሪ ይሸጣሉ። ከደንበኛ ጋር የሚያወሩት በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ነው፣ የሚሰድቡት በአማርኛ፣ የሚምሉት በአላህ። ጨዋታ ይወዳሉ። ማምሻውን እኔና ልጃቸው ቧንቧው ጋ ቆመን በእንግሊዝኛ ስናወራ ከሱቁ ብቅ ብለው "አንቺ ልጅ፣ ልጄን ፈረንጅ አደረግሽብኝ እኮ! ነገ ማን ያገባልኛል?" ይሉኛል። አንቺ ይሉኛል፣ ልጄ ይሉኛል። እቃ ስሸከም ካዩ ይቆጡኛል። አባቴ ከሞተ ወዲህ የቆጣኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

አንድ ነገር ላይ ግን አይቀልዱም። ካለፈው በፊት በነበረው ምርጫ ሰሞን ጠዋት ሱቃቸውን ሲከፍቱ መጥተው ወስደዋቸዋል። በሸሚዝ ብቻ ነው የወሰዷቸው። ሲመለሱ ከስተው፣ ሳል ይዟቸው ነበር አሉ። ምን እንደተጠየቁ ለሚስታቸው እንኳ አልተናገሩም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሐሳባቸውን ሲጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ "አላህ ያውቃል።"

የዚያን ዕለት ከሰዓት ግቢው ውስጥ ልብስ እያጠብኩ ልጅቷ አባቷን ሱቅ ውስጥ ስትጠይቃቸው ሰማሁ።

"አባባ፣ አጥብቀህ የምታምነው ምንድነው?"

"በአላህ ነዋ።"

"እሱማ ይታወቃል። ሌላስ? በጣም የምትጠራጠረውስ?"

ስኳር ሲመዝኑ ነበር፤ የማንኪያው ድምፅ ቆመ።

"ማነው ጠይቂ ያለሽ?"

"ቲቸር ናት።"

ትንሽ ቆይተው ጋሼ በሩ ላይ ብቅ አሉና አዩኝ። እጄ በሳሙና አረፋ ተሞልቶ ሳቅ አልኩላቸው። እሳቸው አልሳቁም።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር ለምንድነው?"

"ለእንግሊዝኛ ነው ጋሼ።"

"ለእንግሊዝኛ" አሉ ቀስ ብለው። ወደ ውስጥ ተመለሱ።

በማግስቱ ግቢው ተቀየረብኝ። ስገባ ወሬ ይቆማል። እትዬ፣ ሚስታቸው፣ ድስት ይዘው ወደ ጓዳ ይገባሉ። እኔ ፈሪዋ ደግሞ ምን አሰብኩ? እኔን ነው የፈሩት ብዬማ እንዴት ላስብ! ስለኔ አንድ ክፉ ነገር ሰምተዋል፣ ልታሰር ነው፣ አብረውኝ እንዳይነካኩ እየሸሹኝ ነው ብዬ ምግብ አልበላ አለኝ።

የገባኝ ቆጮ ስገዛ ነው። ቆጮ የምትሸጥልኝ ሴት የአንድ ተማሪዬ እናት ናት። ሁልጊዜ የምትከራከረኝ ሴትዮ ያን ቀን ሳልጠይቃት አንድ ጥፍጥፍ ጨመረችልኝ። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ "ቲቸር፣ ባለቤቴ በልማቱ በጣም ያምናል። እኛ ቤት ጥርጣሬ የሚባል ነገር የለም" አለችኝ።

ክው አልኩ። ቆጮውን ይዤ እዚያው ቆምኩ። አሃ! ቦንጋ በሙሉ፣ መንግሥት በልጆቻችን አፍ ቤታችን ገባ ብሎ ነው ለካ! እኔን ጆሮ ጠቢ አድርገውኝ ነው። እኔን! ውሻ ሲጮህ የምደነግጠውን!

የቤት ሥራውን ልሰርዘው አሰብኩ። ግን ብሰርዘው ደግሞ "ስለነቃንባት ነው" ይባላል። ባልሰርዘውስ? በዚህ ላይ የዞን ባለሥልጣን ልጅ ክፍሌ ውስጥ አለ፤ የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። አባቱ በስብሰባ ላይ ሲናገር ሰው ማስታወሻ የሚይዝለት ሰው ነው። ስሰርዘውም ያ ልጅ ያያል፣ ሳልሰርዘውም ያያል። ምንም ሳልወስን ቀኑ ደረሰ።

ልጆቹ እየተነሱ ተናገሩ። "ማይ ፋዘር ፈርምሊ ቢሊቭስ ኢን ዲቨሎፕመንት።" አባቴ በልማት በጽኑ ያምናል። ቀጣዩ ተነሳ፤ የሱም አባት በልማት በጽኑ ያምናል። የቆጮ ሻጯም ልጅ፣ የአናጢውም ልጅ፣ የቄሱም ልጅ። የሚጠራጠር የለም፣ ትዝ ትዝ የሚለው የለም፣ ከልቡ የሚያስብ የለም። የባለሥልጣኑም ልጅ ተነሳና የሱ አባት ከሁሉም በላይ በጽኑ እንደሚያምን ተናገረ። እኔም ዳር ቆሜ፣ ለእያንዳንዱ "ቬሪ ጉድ፣ ቬሪ ጉድ" እላለሁ። ቶሎ ይለቅና እንገላገል ነው የኔ ነገር።

በመጨረሻ የጋሼ ልጅ ተነሳች። ሻሿን አስተካከለች። ለትምህርቷ ቀልድ የማታውቅ ልጅ ናት፤ ያስተማርኩትን በሙሉ ልትጠቀምበት ተዘጋጅታ ነው የመጣችው።

"ማይ ፋዘር ሴይስ ሂ ፈርምሊ ቢሊቭስ" አለች። አባቴ በጽኑ አምናለሁ ይላል። እዚህ ላይ በቆመች! "በት አይ ኦነስትሊ ቲንክ ሂ ኢዝ አፍሬይድ።" እኔ ግን ከልቤ የማስበው፣ እሱ ፈርቷል።

እንግሊዝኛ የማይገባቸው እንኳ ገባቸው። ሰዋስዉ እንከን የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ የሰማሁት ምርጥ ዓረፍተ ነገር ነው። ሳልፈልግ ዓይኔ ወደ መጨረሻው ወንበር ሄደ። የባለሥልጣኑ ልጅ አንገቱን ቀና አድርጎ ልጅቷን እያያት ነው።

"ቁጭ በይ" አልኳት። ቬሪ ጉድ እንኳ አላልኳትም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው፣ ገበያ ነው። ከየገጠሩ በፈረስና በበቅሎ ጭነው የመጡት መንገዱን ሞልተውታል፤ ማር የያዘው፣ ቅመም የያዘው ይጮኻል። የጋሼ ሱቅ ግን ዝግ ነው። ግቢ ስገባ ጋሼ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። በዚያ ፀሐይ ወፍራም ካፖርት ለብሰዋል። እግራቸው ሥር የተጠቀለለ ብርድ ልብስ አለ፤ ብርድ ልብሱ ላይ የውዱእ ማድረጊያቸው ኩስኩስት።

"ጋሼ፣ ሱቅ አይከፈትም?"

"ዛሬ ገበያ የለም" አሉኝ። የበቅሎዎቹ ኮቴ ግቢ ድረስ ይሰማል።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ልጃቸው ክፍል ውስጥ ያለችው ጆሯቸው ደርሷል። በፊት በሸሚዝ ነበር የወሰዷቸው። አሁን ተዘጋጅተው እየጠበቁ ነው። ልጅቷ ከውስጥ ስታለቅስ ይሰማኛል፣ እትዬ "ዝም በይ፣ ዝም በይ" ይሏታል። እኔ ደግሞ ክፍሌ ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። አምላኬ ሆይ፣ እኚህን ሰውዬ ብቻ አትንካብኝ፣ ሌላው የፈለገው ይሁን፤ እንደዚያ ነው የጸለይኩት።

ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ "ቢሮ ትፈለጊያለሽ" አለኝ። ቢሮ ስገባ የልጁ አባት፣ ባለሥልጣኑ፣ በዳይሬክተሩ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዳይሬክተሩ ቆሟል።

"ቁጭ በይ" አለኝ ሰውየው። ተቀመጥኩ።

"ተማሪዎች ወላጆቻቸው የሚያምኑትንና የሚጠራጠሩትን ጠይቀው እንዲመጡ አድርገሻል?"

"ለ... ለእንግሊዝኛ ነው።"

"የአከራይሽ ልጅ ምን አለች?"

እግዚአብሔር ይመስክር፣ በሕይወቴ ደፋር የሆንኩት ያቺን ደቂቃ ብቻ ነው። "አባቴ በጽኑ ያምናል ነው ያለችው" አልኩ።

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

"ልጄ ሌላም ነገር ብላለች አለኝ።"

"ልጅዎ የሚቀመጠው ከኋላ ነው። ክፍሉ ይንጫጫል፣ አይሰማም።" ድምፄ የኔ አይመስልም ነበር።

ሰውየው ዳይሬክተሩን "እስኪ ውጭ ጠብቀን" አለው። በሩ ሲዘጋ በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። እኔም፣ ጋሼም አለቀልን። ሰውየው ወንበሩን ሳበና ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እስኪ እውነቱን ንገሪኝ" አለ። "ይሄ ጥያቄ ከየት ነው የመጣው?"

"ጥያቄው?"

"ከዞን እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ዞን እኛ ነን። ከክልል ነው?"

ቀና ብዬ አየሁት። ከላይኛው ከንፈሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

"ልጄ ራት ላይ ጠየቀኝ" አለ። "'ከልብህ የምታስበው ምንድነው?' አለኝ። እንጀራው አልዋጥልህ አለኝ። ግምገማ እየደረሰ መሆኑን ታውቂያለሽ። በልጅ በኩል መምጣቱ ግን..." አልጨረሰውም።

ወይ ጉድ! ፈርቷል! ይሄ ሁላችን የምንፈራው ሰውዬ ከነሥልጣኑ በፍርሃት ውስጥ ተቀምጧል። አፌ ላይ የመጣልኝን፣ እውነቱን ተናገርኩ።

"ከፕላዝማው ነው" አልኩ። "ትምህርቱ የፕላዝማው ነው።"

"ፕላዝማው ከየት ነው የሚመጣው?"

"ከአዲስ አበባ።"

ወደ ኋላ ተደገፈ። "ከላይ ነው በይኛ" አለ ለራሱ። "መልሱስ የት ነው የሚደርሰው?"

"የትም አይደርስም።"

እንደገባው ሰው ራሱን ነቀነቀ። "ልክ ነሽ፣ መናገር አትችይም" አለኝ። "ልጄ የኔን መልስ በደንብ ተናግሯል?"

"በጣም በደንብ። አባቴ በጽኑ ያምናል ብሏል።"

"የዚያ የባለሱቁስ?"

"በጽኑ ያምናሉ።"

"እንግዲያው በቃ። ሁላችንም እናምናለን፣ አለቀ።" ተነሳና በሩን ራሱ ከፈተልኝ። "ይለፉ መምህርት። ጊዜዎን ወሰድኩብዎት፣ ይቅርታ።"

ሲቀበለኝ አንቺ፣ ሲሸኘኝ እርስዎ! በሆዴ ሳቅሁ። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሸኘኝ፤ መንገደኛው ሁሉ እያየ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፣ ትንሽም ጎንበስ አለ። እኔ ደግሞ ጋሼ ተረፉ እያልኩ ደስታዬ ሌላ ነገር አላሳየኝም።

ወደ ቤት በሩጫ ነው የሄድኩት። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባ፣ ግድ አልሰጠኝም። "ጋሼ፣ ያንን ብርድ ልብስ ይፍቱት፣ ካፖርቱን ያውልቁ፣ ሱቁን ይክፈቱ!" እላቸዋለሁ። እሳቸውም "አንቺ እብድ፣ ጭቃውን አራግፊ!" ብለው ይቆጡኛል። እንደዚህ እያሰብኩ ግቢ ገባሁ።

ጋሼ በርጩማቸው ላይ ነበሩ። ሲያዩኝ ብድግ አሉ። ቆባቸውን አወለቁ።

"እንኳን ደህና መጡ" አሉ።

ማን መጣ ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም አልነበረም።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ነኝ!"

"እናውቃለን፣ እናውቃለን። እዚህ ይቀመጡ።" በርጩማውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉልኝ። ወሬው ከኔ ቀድሞ ገብቷል፤ ባለሥልጣኑ እጅ ነስቶ እንደሸኘኝ ሰምተዋል።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰውየው ራሱ እንደፈራ፣ እኔም ስለሳቸው እንደዋሸሁ፣ ማንም እንደማይነካቸው። በተናገርኩ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ልክ ሰውየው እንደነቀነቀው። "እኛ ሁሉንም በጽኑ እናምናለን" አሉ በመጨረሻ። "እባክዎ፣ ልጅ ናት፣ የተናገረችውን አይያዙባት።" እንባዬ መጣ። እንባዬን ሲያዩ ይባስ ደነገጡ።

ጋሼን ማንም አልወሰዳቸውም። በማግስቱ ሱቁ ተከፈተ፣ ብርድ ልብሱም አልጋው ላይ ተመለሰ። ግን ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አንቺ አላሉኝም፣ አንድም ቀን አልተቆጡኝም። ሱቅ ስገባ ሌላውን ደንበኛ ትተው ይቆማሉ። ዕቃ ተሸክሜ ሲያዩኝ ሮጠው ይቀበሉኛል። እኔም ውሎ አድሮ ሌላ ቤት ፈለግሁ።

ከመልቀቄ በፊት አንድ ማምሻ ልጅቷን ቧንቧው ጋ አገኘኋት። ጀሪካኗን ደቅናለች። ብቻችንን ነበርን። እንደ ድሮአችን በእንግሊዝኛ፣ ከልብሽ ምን ታስቢያለሽ ብዬ ጠየቅኋት፤ "ዋት ዱ ዩ ኦነስትሊ ቲንክ?"

ወደ ሱቁ በር አየች። ከዚያ ወደ እናቷ መስኮት።

"አይ ፈርምሊ ቢሊቭ፣ ቲቸር" አለች።

"ምኑን?"

"ኤቭሪቲንግ።"

ጀሪካኗ ገና አልሞላም ነበር፤ አንስታው ሄደች። እኔም ከኋላዋ "ቬሪ ጉድ" አልኳት።